የሾፌሩ አምባር

የውስኪ ፋብሪካ ጉብኝት የጠጪዎች መዝናኛ ነው ይባላል። አይደለም። የራበው ሰው ስለ ወፍጮ እንደማይጠይቅ ሁሉ፣ ጠጪም ስለ ውስኪ አሠራር ማወቅ አይፈልግም። ትልልቅ የመዳብ ጋኖችን ለማየት፣ የበርሜል እንጨት ለማሽተትና ስለ በቆሎና ስለ አጃ የአርባ ደቂቃ ትምህርት ለመስማት ሁለት ሰዓት ተነድቶ ተራራ ሥር የሚኬደው ለመጠጡ ሳይሆን ለወሬው ነው። ከጎብኚዎቹም መካከል ከልቡ የሚያዳምጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሾፌሩ። ሌላው ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚቀርብለትን መለኪያ እያሰበ ነው የሚሰማው። ሾፌሩ ግን የሚቀርብለት ነገር ስለሌለ ሁሉንም ይሰማል።

ይህን ያወቅኩት ከአንድ ሾፌር ነው። እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ የሚኖር፣ ከሃያ ዓመት በላይ የማውቀው ጓደኛዬ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ምክንያቱ በኋላ ይመጣል። አንባቢ ግን አንድ ነገር ከአሁኑ ይወቅ፦ ወደ ተራራው በሄድንበት ቀን ጓደኛዬ መጠጥ ካቆመ አሥራ አራት ወሩ ነበር። ትዳሩም ሥራውም በዚያ ማቆም ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ሥራው የከተማ አውቶቡስ መንዳት ነው፤ አሠሪዎቹ ደግሞ ባልታሰበ ቀን እየጠሩ ትንፋሽ ያስለካሉ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እንደማይጠጣ አይቻለሁ፤ ማቆሙን ግን አላወቅኩም። ጥፋቱ ሁሉ የመጣው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ካለው ልዩነት ነው።

በእኛ ዘንድ «አልጠጣም» ማለት መልስ አይደለም፤ የክርክር መክፈቻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የወሎ ሙስሊም ጎረቤቴ ሠርግ ላይ ለስላሳ ይዞ ቢቀመጥ ማንም አይነካውም። ፎልስ ቸርች ከተማ እሑድ እሑድ የሚዘምረው ጴንጤ ዘመዴ ይቀለድበታል እንጂ ይተዋል። ኦርቶዶክስ ሆኖ፣ ጤነኛ ሆኖ፣ ጢሙ ሸብቶ «አልፈልግም» የሚል ሰው ግን መውጫ የለውም። አሞህ ነው? አኩርፈህ ነው? ንቀኸን ነው? ጾም እንኳን አያድነውም፤ ቢራ የጾም ነው ብሎ የሚያስተምር ሊቅ ከየጠረጴዛው አይጠፋም።

ጓደኛዬ ድሮ የዚህ ጠረጴዛ አለቃ ነበር። በወጣትነታችን አዳምስ ሞርጋን የሚባል ሠፈር አንድ ምግብ ቤት አብረን ስንሠራ ባዶ ብርጭቆ ማየት የማይችል፣ ለሰው ሁሉ የሚቀዳ እሱ ነበር። ለራሱም ይቀዳ ነበር፤ ይህን ግን ያኔ ጨዋታ ነበር የምንለው። ከዚያ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሰበቦቹ መጡ። መጀመሪያ ለጥርሱ አንቲባዮቲክ ወሰደ። ጥርሱ ሦስት ወር ሲቆይ ወደ ኮሌስትሮል ተዛወረ። አንድ ቀን ሴቨን ኮርነርስ ምሳ ስንበላ፣

«ጌታን ተቀበልክ እንዴ?» አልኩት።

«ገና እየተነጋገርን ነው» አለኝ፤ ሳቅን።

በመጨረሻ ከሁሉ የሚሻለውን ሰበብ አገኘ። ሾፌር ሆነ። ክርስትና ቢሆን፣ ልደት ቢሆን፣ ሽኝት ቢሆን እሱ ነው የሚነዳው። እዚህ አገር የሚነዳን ሰው ጠጣ ብሎ የሚጫን ደፋር የለም፤ እግዜርን የማይፈራ ዘመዳችን እንኳን ፖሊስ ይፈራል። እኛም ደስ አለን። ነጻ ሾፌር ማን ይጠላል?

አጎቱ ከአዲስ አበባ የመጡት ለጓደኛዬ ልጅ ምረቃ ነበር። የእናቱ ወንድም ናቸው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሰው ናቸው። በቪዛቸው የተፈቀደላቸው ስድስት ወር ሊያልቅ፣ የዛፉ ሁሉ ቅጠል ቀልቶ መርገፍ ሲጀምር፣ ምን አማረዎት ተብለው ተጠየቁ። ሙዚየሙን አይተዋል፤ የገበያ አዳራሹም ሰልችቷቸዋል።

«ውስኪ ሲሠራ ማየት እፈልጋለሁ» አሉ። «ስንት ሠርግ ላይ ጠጥቼዋለሁ። የሚሠራበትን አገር ግን ከካርታ ላይ በቀር አላየሁትም።»

ጓደኛዬ እምቢ ማለት ይችል ነበር ወይ? አልችልም ነበር ይላል። ያሳደጉት ሰው የጠየቁት አንድ ነገር ይህ ነው። ደግሞም መላ ነበረው፤ ይነዳል።

ቅዳሜ ጠዋት እኔን ለመውሰድ ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጣ። የምንሄደው ወደ ምዕራብ ነው፤ እኔ ጋ መምጣት ወደ ኋላ መዞር ነው። ራሴ እመጣለሁ፣ መንገድ ላይ እንገናኝ ብዬው ነበር። «አይሆንም፣ በአንድ መኪና ነው የምንሄደው» አለ። ጨዋነት መሰለኝ። አሁን ሳስበው አንድ ሾፌር ብቻ እንዲኖር ፈልጎ ነበር።

መንገዱ መልካም ነበር። የብሉ ሪጅ ተራራ ከሩቅ ሲታይ ስሙ እንደሚለው ሰማያዊ ነው፤ እየቀረቡት ሲሄዱ ቀይ፣ ቢጫ፣ ዳማ ይሆናል። አጎትየው ከፊት ተቀምጠው የከፍታውን ነገር ያስተምሩን ጀመር።

«ይኼ ተራራ ነው ብለው ነው የሚያስጎበኙት?» አሉ። «እኛ አገር ቢሆን ኮረብታ ብለን እናርሰው ነበር።»

«ጋሼ፣ ለእሱም ቢሆን ሁለት ሰዓት ነድቻለሁ» አለ ጓደኛዬ።

«አንተማ ንዳ። እጅህ ጥሩ ነው።»

የመጀመሪያው ፋብሪካ የድሮ የእህል ጎተራ ነበር። በር ላይ አንዲት ወጣት አስጎብኚ ማን እንደሚነዳ ጠየቀችን፤ ጓደኛዬ ገና ጥያቄዋን ሳትጨርስ እጁን ዘረጋ። ብርቱካናማ የወረቀት አምባር አሰረችለትና ጠርሙስ ውሃ ሰጠችው። አምባር ላሰረ ሰው አይቀዳም።

«እንደ ሆስፒታል በሽተኛ አሰሩህ» አሉ አጎቱ።

«ተኝቶ ታካሚ ነኝ፣ ጋሼ» አለ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ልጅቷ ጎበዝ ነበረች። ከጋኑ መጀመሪያ የሚወጣው መርዝ ስለሆነ እንደሚደፋ፣ ከየት ጀምሮ መያዝ እንዳለበት የሚወስነው የሰው አፍንጫ እንደሆነ ነገረችን። በርሜሎቹ የተደረደሩበት ክፍል ስንገባ በየዓመቱ ከየበርሜሉ ጥቂት ጥቂት እየተነነ እንደሚጠፋ፣ ያንንም የመላእክት ድርሻ እንደሚሉት ነገረችን። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ እንጨትና ማር የሚመስል ነገር ይሸታል። አጎትየው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እኛ አገር ለአድባር መሬት ላይ ጠብ እናደርጋለን» አሉ። «እዚህ አድባሩ ሳይሰጡት ይወስዳል።»

ጓደኛዬ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያዳምጥ ነበር። በጉብኝቱ ሁሉ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ይለወጣል ወይ አላት።

አይለወጥም አለችው። የሚለወጠው በርሜል ውስጥ እያለ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ሃያ ዓመት ቢቀመጥ የገባበት ቀን እንደነበረ ነው።

«ሃያ ዓመት ይጠብቃል ማለት ነው» አለ በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ማን ያስጠብቀዋል?» አሉ አጎቱ። «እኔ ካለሁ አያድርም።»

ቅምሻው ላይ እሳቸው አራቱንም መለኪያ በሥርዓት ጨረሱ። እኔ ጨጓራዬ ስላስቸገረኝ ከአንዱ ብቻ ከንፈሬን አርጥቤ ተውኩት። ጓደኛዬ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ውሃውን ይጠጣ ነበር። ደህና ነበር። ያን ቀን ሙሉ እዚያ መስኮት አጠገብ ብንተወው ኖሮ ደህና ሆኖ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው ፋብሪካ ሄደን፣ ከደጁ ካለው የእንጨት ጠረጴዛ ላይ የጓደኛዬ ሚስት የቋጠረችልንን ምሳ በላን። ሸለቆው ከፊታችን ተዘርግቶ ነበር። ታች ላሞች ይታያሉ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቅጠሉ በአንድ ጊዜ ይረግፋል፤ አጎትየው በየመሀሉ መጉረሳቸውን ትተው ያያሉ።

እኔም ጓደኛዬን አየሁት። አውቶቡስ ላይ አምስት ቀን ሙሉ የሚነዳ ሰው፣ ቅዳሜውንም መሪ ይዞ ሊውል ነው። አጎቱ የዛሬ ሳምንት ይሄዳሉ። በዚህ ዕድሜያቸው ሁለተኛ መምጣታቸውን ማን ያውቃል? አንድ መለኪያ እንኳን አብሯቸው ሳይጠጣ ሊለያዩ ነው። አሳዘነኝ። እኔ ጨጓራዬን ይዤ የምውል ሰው፣ ከነካሁትም ሁለት ሰዓት አልፎታል። ሰው በሕይወቱ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሰማው ዓይነት ደግነት ተሰማኝ።

«ቁልፉን ስጠኝ» አልኩት። «ስንመለስ እኔ ነኝ የምነዳው። አንተ ዛሬ ከጋሼ ጋር ጠጣ።»

ማኘኩን አቆመ። «አይ፣ ተው። እኔ ደህና ነኝ።»

«ሳምንቱን ሙሉ ነድተህ ዛሬም?»

«መኪናው በእኔ ኢንሹራንስ ነው።»

«ተው እባክህ፤ የኢንሹራንስ ወኪል መሰልክ።»

አጎቱ በዚህ መሀል ገቡ። «ስጠው እንጂ። ሰው ሲያከብርህ እምቢ አይባልም። ምን ሆነሃል?»

ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ማንጠልጠያው ላይ የነሐስ ሳንቲም የሚመስል ክብ ነገር ነበረ፤ የመኪና ሻጮች የሚሰጡት ዓይነት ነው ብዬ ነበር። በአውራ ጣቱ አንዴ አሸት አደረገውና ሰጠኝ። እኔ በር ላይ ቀድሜ ደርሼ አምባሩን ለእኔ እሰሩልኝ አልኩ። ብርቱካናማ ወረቀት አንጓዬ ላይ ታስሮ፣ በራሴ ኮርቼ ገባሁ።

የዚያን ፋብሪካ ጉብኝት አላስታውስም። ሾፌሩ ሁሉን ይሰማል ያልኩት በእኔ አልሠራም፤ የራሴን ደግነት ነበር የማዳምጠው።

ቅምሻው ላይ አስጎብኚው ሽማግሌ ሰውዬ፣ ያልፈለገ አለመጠጣት እንደሚችል፣ የማይወደውን ደግሞ እዚያ ባልዲ ውስጥ እንዲደፋ፣ ማንም ቅር እንደማይለው ነገረን። ሁልጊዜ የሚለው ነገር ነው። አጎትየው እንግሊዝኛው ገብቷቸዋል።

«ስምንት ዓመት በርሜል ውስጥ የተቀመጠን ነገር ባልዲ ውስጥ?» አሉ። «ይኼ ነውር ነው።»

ከዚያ አንዱን መለኪያ አንስተው በጓደኛዬ እጅ አስያዙት።

«ጋሼ፣ ይቅርብኝ» አለ።

«በሞቴ።»

«ሆዴም ትንሽ…»

«በሞቴ አልኩህ። የዛሬ ዓመት ልኑር አልኑር አላውቅም። ሕፃን ሆነህ ወተት በጄ አጠጥቼሃለሁ፤ ይኼን ደግሞ አብረን እንጠጣ።»

ጓደኛዬ ወደ እኔ አየ። ያንን አስተያየት ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ያኔ ግራ የገባው መሰለኝ። አሁን ግን ገብቶኛል፤ በክፍሉ ውስጥ ሊያድነው የሚችል አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ቁልፌን መልስልኝ እያለኝ ነበር። እኔ አምባር ያሰርኩበትን እጄን ከፍ አድርጌ አሳየሁትና፣

«ጠጣ እንጂ፣ ምን ታያለህ» አልኩት።

ጠጣ። አልጎነጨም፣ አላጣጣመም፤ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው በአንዴ ጠጣው። መለኪያውን በጥንቃቄ አስቀመጠ። «ጥሩ ነው» አለ። አጎቱ ደስ ብሏቸው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ሁለተኛውን ማንም አላስያዘውም፤ ራሱ አነሳ። አራቱን ጨረሰ፤ እሳቸው የተዉትንም አንድ ጨመረ።

የምለውን ሰው አይወደውም፤ ግን እውነት ስለሆነ እላለሁ። ከዚያ ቀን ሁሉ ከሁሉ የጣመው የመመለሻው መንገድ ነበር። ጓደኛዬ ከኋላ ተቀምጦ የምግብ ቤቱን ዘመን ታሪኮች እያወራ፣ የድሮ አለቃችንን አነጋገር እያስመሰለ፣ አጎቱን እንባ በእንባ እስኪሆኑ አሳቃቸው። እንደዚህ ሲጫወት ካየሁት ከዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር። ተመለሰልን ብዬ አሰብኩ። የቁልፉ ሳንቲም በየኩርባው ጉልበቴን እየመታ፣ ፀሐይ ከኋላችን ስትወርድ፣ ሰው መልሼ ያመጣሁ መስሎኝ ነዳሁ።

አጎቱ በሳምንቱ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ ስልኬን አያነሳም። አንዴ «ቢዚ ነኝ» የሚል ጽሑፍ ላከ። አንድ ወር ሲሞላ ሚስቱ ደወለችልኝ። ሰላምታዋ አጭር ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ያን ቀን ስትመለሱ ማን ነበር የነዳው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት። ይህን ስል እንኳን ድምፄ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበር።

«እኔ ነኝ የምነዳው ብሎኝ ነበር የወጣው» አለች።

«እሺ» ብላ ቀጠለች። «ገባኝ።» ከዚያ ነገረችኝ። አሥራ አራት ወር፤ ማክሰኞና ሐሙስ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ካቆሙ ሰዎች ጋር የሚቀመጥ መሆኑን፤ ከዚያ በፊት የነበረውን፣ እኛ ጨዋታ የምንለውን። ከዚያ ቀን ወዲህ እየጠጣ መሆኑን፤ ሥራ ላይ ትንፋሹን ለክተው አልኮል ስላገኙበት ማገዳቸውን። አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ቤት አልገባንም፤ ከሕንፃው ፊት ለፊት ፓርኪንግ ላይ መኪናው ውስጥ ተቀመጥን። እሱ በመሪው በኩል፣ ሞተሩን ሳያስነሳ። ከስቶ ነበር። ቁልፉ ላይ ያ የነሐስ ነገር የለም።

«ምን ነበር እሱ?» አልኩት።

«ሳትጠጣ ዓመት ስትሞላ እዚያ ምድር ቤት የሚሰጡህ ነው» አለ። «ያን ቀን አንተ ጋ ነበር የዋለው።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩ፤ ጥፋተኛ ሁሉ የሚጠይቀውን ጥያቄ።

«ብነግርህ ትጽፈው ነበር።»

እውነቱን ነው። ስለ ይሉኝታ፣ ሰው ሰውን በፍቅር ስም ስለሚያስጨንቅበት ልማዳችን፣ ከአንድም ሁለት ጊዜ ጽፌአለሁ። ተጨብጭቦልኛል። እንግዲህ ያ ሁሉ ንባብና ጽሕፈት ተራራው ሥር እጄን ከፍ አድርጌ «ጠጣ እንጂ» ከማለት አላገደኝም።

«ለጋሼ እንዳትነግራቸው» አለ ቀጥሎ። «እሳቸው በፍቅር ነው ያደረጉት።»

እኔም በፍቅር ነበር። ክርክሬም ከዚህ ላይ ነው። ማስገደድ ፍቅር ነው ይባላል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ፍቅር አይደለም፣ ጉልበት ማሳያ ነው እያልኩ እከራከር ነበር። ተሳስቻለሁ። ፍቅር ነው፤ እሱ ነው የከፋው። ጉልበት ቢሆን ኖሮ ጓደኛዬ ይገፋው ነበር። አሳዳጊውን ግን እንዴት ይግፋ?

አጎቱ እስከ ዛሬ እሑድ እሑድ ይደውላሉ። አንድ ቀን መኪና ውስጥ አብሬው ሳለሁ ደወሉ፤ ድምፃቸው መኪናውን ሞላው። ለሠፈሩ ሁሉ ስለዚያ ሸለቆ አውርተዋል፤ ካርታ ስለውም አሳይተዋል።

«ከልጄ ጋር የጠጣሁትን አንድ መለኪያ አልረሳውም» አሉ።

«እኔም አልረሳውም፣ ጋሼ» አለ ጓደኛዬ።

ይህን ስጽፍ እንደገና ካቆመ ስልሳ አንድ ቀኑ ነው። ትዳሩ አለ፤ ሥራው ገና አልተመለሰም። መጻፌን ራሱ ፈቅዷል፤ «ስሜን አታንሳ እንጂ ጻፈው፣ ምናልባት አንዱ ያነበው ይሆናል» ብሎኝ ነው። ያን ብርቱካናማ አምባር የዚያን ቀን ማታ በመቀስ ቆርጬ ጥዬዋለሁ። ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ አንተ ይህን ያነበብክ፦ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው «አልጠጣም» ካለህ ለምን ብለህ አትጠይቀው። በሞትህ አትማልበት። ሊነዳ ከፈለገ ቁልፉን አትውሰድበት። ውሃ ቅዳለትና ሌላ ወሬ ጀምር።